ጽንስ ማስወረድ የሃይማኖት ጉዳይ ነውን ወይስ የሕግ?



ከጥቂት ጊዜ በፊት በኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ከሚኖሩ ምእመናን ጋር ስለ ቤተሰብ ሕይወት ለመወያየት ተሰብስበን ነበር። ውይይቱ ሳይታሰብ ወደ ጽንስ ማስወረድ አመራ። ሕግ የሚያጠና አንድ ወጣት ብድግ ብሎ፣ «አባ፣ ይህ የሃይማኖት ጉዳይ ነው። ያመነ ይጠብቀው፤ መንግሥትን ግን በሰው እምነት ውስጥ ምን ጥልቅ ያደርገዋል?» አለ። በዕድሜ የገፉ አንድ አባት ደግሞ ቀበል አድርገው፣ «እንዲያውም የሕግ ጉዳይ ነው እንጂ። መንግሥት ከፈቀደው እኛ ምን አገባን? የየራሳችንን ኀጢአት እናልቅስ» አሉ። ሁለቱ የተቃረኑ ይመስሉ ነበር፤ ነገር ግን በአንድ ነገር ተስማምተው ነበር። ይኸውም እያንዳንዳቸው ጉዳዩን ወደ ሌላው ደጃፍ መግፋታቸው ነው።

በዚህ ጊዜ ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ፣ አትክልት በመቸርቸር ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንዲት እናት ዝግ ባለ ድምፅ ይህን አወጉን። በክረምት ወራት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ ከገጠር ከመጣች ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ እጃቸው ላይ ወደቀች። ማርገዟ እንደ ታወቀ አሠሪዎቿ ልብሷን በፌስታል ቋጥረው አሰናብተዋታል። ያስረገዛት ወጣት እንደሚያገባት ምሎላት ነበር፤ ነገሩን ሲሰማ ግን ስልኩን ዘጋ። እኚህ እናት ከልጆቻቸው ጋር በሚኖሩባት አንዲት ክፍል ሦስት ሌሊት አሳደሯት። «ሕጉን አታውቀውም፤ ስለ ሃይማኖትም አልጠየቀችኝም» አሉን። «የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ‹እትዬ፣ እንዲህ ሆኜ ማን ያስገባኛል?› አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በአራተኛው ቀን ማለዳ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ዓይኗን አላየሁም።»

ልጅቱ ወደ እርሳቸው ከመምጣቷ በፊት የአንድ ቤተ ክርስቲያን በር አንኳኩታ እንደ ነበር፣ ጊዜው ቅዳሜ ማታ ስለ ነበር ጥበቃው ሰኞ እንድትመለስ እንደ ነገራት ጨምረው ገለጹልን። ያ በር የእኛ ይሁን አይሁን አልጠየቅናቸውም። ያልጠየቅነው መልሱን ስለ ፈራን ነው።

የወጣቱንና የአዛውንቱን አስተያየት የሚጋሩ ብዙዎች በመሆናቸው፣ የልጅቱ ጥያቄም እስከ ዛሬ መልስ ያላገኘ በመሆኑ፣ ጉዳዩን በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር ወድደናል።

1. «በሕግ አምላክ»

አባቶቻችን ሃይማኖትንና ሕግን ለያይተው አልጠየቁም። በመንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ያየ አላፊ አግዳሚ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ከጮኸ፣ የተጣሉት ሰዎች እጃቸውን መሰብሰብ ይገባቸው ነበር። በአንድ ቃል ውስጥ ሕጉም አምላኩም ተጠርተዋልና። ይህ ቃል ዛሬም ቢሆን በታክሲ ሰልፍ ላይ ጠብ ሲነሣ ከእናቶቻችን አንደበት ይሰማል።

ለብዙ ዘመናት በአገራችን የፍርድ መሠረት የነበረው ፍትሐ ነገሥትም እንዲሁ ነበር። በ13ኛው ምእተ ዓመት በግብጽ በአረብኛ የተዘጋጀው፣ ኋላም ወደ ግዕዝ የተመለሰው ይህ መጽሐፍ 51 አንቀጾች ያሉት ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ 22 ስለ መንፈሳዊ ነገር፣ የቀሩት ስለ ሥጋዊ ነገር ይናገራሉ። ሁለት ክፍል ቢሆንም መጽሐፉ አንድ ነው። ይህን መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ የተረጐሙት የእኛው አባት፣ ያን ጊዜ አባ ጳውሎስ ጻድዋ፣ ኋላ የአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳስና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካርዲናል የሆኑት ናቸው። ትርጒሙን እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመው ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ነበር። የአንድ ካህን ሥራ በሕግ ትምህርት ቤት መታተሙ ለዚያ ዘመን ሰው አላስገረመውም።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ደንግጓል። ቤተ ክርስቲያን በዚህ አታዝንም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም ቤተ ክርስቲያንና የፖለቲካው ማኅበረሰብ በየራሳቸው መስክ ነጻ መሆናቸውን አስተምሯል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ካቶሊካውያን ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ነበርን። የእምነታችንን ሥርዓት በኦርቶዶክሳዊው፣ በሙስሊሙና በፕሮቴስታንቱ ወገናችን ላይ በሕግ ኃይል ለመጫን አቅሙም ፍላጎቱም የለንም። ይሁን እንጂ መንግሥትና ሃይማኖት ቢለያዩም ሰው አይከፈልም። ያው አንድ ሰው በቤተ ክርስቲያን ምእመን፣ በፍርድ ቤት ባለ ጉዳይ ነው።

2. ሕጉ በእርግጥ ምን ይላል?

«መንግሥት ፈቅዶታል» የሚለው አባባል በሕዝብ ዘንድ ተሰራጭቷል፤ ይሁንና ትክክል አይደለም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጽንስ ማስወረድን በወንጀልነት ፈርጆ፣ እናቲቱን ከከባድና ዘላቂ አደጋ ለማዳን በሐኪም ሲፈጸም ብቻ ከቅጣት ነጻ ያደርግ ነበር። ይህን ሕግ የተካው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ዕለቱ የእመቤታችን ልደት የሚከበርበት መሆኑን የሚያስተውሉ ምእመናን በጊዜው ማዘናቸውን እናስታውሳለን።

አዲሱ ሕግ በአንቀጽ 545 ጽንስን ሆነ ብሎ ማቋረጥ የሚያስቀጣ መሆኑን በመርሕ ደረጃ ይዞ ይነሣል። በአንቀጽ 551 ግን በታወቀ የሕክምና ተቋም፣ ሙያው በሚፈቅደው ጊዜ ውስጥ ሲፈጸም የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። እነዚህም ጽንሱ በመደፈር ወይም በዘመዳሞች መካከል በተደረገ ግንኙነት የተገኘ ሲሆን፤ እርግዝናው መቀጠሉ የእናቲቱን ወይም የልጁን ሕይወት ወይም የእናቲቱን ጤና ለአደጋ የሚዳርግ ሲሆን፤ ጽንሱ የማይድንና ከባድ የአካል ጉድለት ያለበት ሲሆን፤ እናቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጁን ለማሳደግ የማትችል ስትሆን ናቸው። መደፈርን በተመለከተ የሴትዮዋ ቃል ብቻ በቂ ማስረጃ እንደሚሆን አንቀጽ 552 ይደነግጋል። በአንቀጽ 550 ደግሞ ከባድ ድህነት ቅጣትን የሚያቀል ምክንያት ሆኖ ተቀምጧል።

እንግዲህ ሕጉ ጽንስ ማስወረድን መልካም ነገር ነው አላለም፤ በተወሰኑ ሁኔታዎች አልቀጣም አለ እንጂ። ሕግ ያልቀጣው ሁሉ ሕግ የመረቀው አይደለም። የሐሰት ወሬ በየቡና ቤቱ የሚያወራ ሰው ብዙ ጊዜ አይቀጣም፤ ይህ ግን ሐሜትን ጽድቅ አያደርገውም። አዛውንቱ «ከፈቀደው ምን አገባን» ሲሉ የሕሊናቸውን ሥራ ለነጋሪት ጋዜጣ አስረክበዋል። ነጋሪት ጋዜጣው ደግሞ ይህን አደራ አልተቀበለም።

3. ጾምና ስርቆት

አሁን ወደ ወጣቱ አስተያየት እንመለስ። እርሱ «የሃይማኖት ጉዳይ ነው» ሲል ሃይማኖት የሚከለክለውን ሁሉ በአንድ ከረጢት ከቶታል። ነገር ግን ሃይማኖት የሚያዝዘው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። ረቡዕና ዓርብ መጾም፣ እሑድ ማስቀደስ ያመነው ሰው ግዴታ ነው፤ ማንም ጤነኛ ሰው ይህን መንግሥት በፖሊስ እንዲያስፈጽም አይጠይቅም። «አትስረቅ» የሚለውም ከዐሠርቱ ትእዛዛት አንዱ ነው፤ ሆኖም የስርቆት ክልከላ የሃይማኖት ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ሌባውን የሚለቅ ዳኛ የለም። ምክንያቱም ስርቆት የሚጎዳው ሌላ ሰው አለ። ሕግ ወደ ጉዳዩ የሚገባው ኀጢአት ስለሆነ አይደለም፤ ተበዳይ ስላለ ነው።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በዚህ ነገር ላይ በ13ኛው ምእተ ዓመት ያስተማረው ዛሬም ይጠቅመናል። የሰው ሕግ የሚወጣው ለብዙኀኑ ነው፤ ብዙኀኑም በምግባር ፍጹማን አይደሉም፤ ስለዚህ ሕግ ክፋትን ሁሉ መከልከል አይችልም፣ አይገባውምም ይላል። ሊከለክል የሚገባው ከባድ የሆኑትን፣ በተለይም ሌላውን ሰው የሚጎዱትንና ካልተከለከሉ ኅብረተሰብ ሊቆም የማይችልባቸውን ነው። ለእነዚህም ነፍስ መግደልንና ስርቆትን በምሳሌነት ይጠቅሳል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 1995 ባወጡት «የሕይወት ወንጌል» በተሰኘው መልእክታቸውም የመንግሥት ሕግ ተግባር ከሥነ ምግባር ሕግ ጠበብ ያለ መሆኑን አምነው፣ ነገር ግን የሰውን መሠረታዊ መብት፣ ከሁሉ በፊትም የመኖርን መብት ከመጠበቅ ሊሸሽ እንደማይችል አስረድተዋል።

ስለዚህ ጥያቄው ሁሉ በአንድ ነጥብ ላይ ይንጠለጠላል፤ በማኅፀን ውስጥ ተበዳይ ሊባል የሚችል አለን? ይህ ደግሞ ካቴኪዝም ያልተማረም ሰው ሊመረምረው የሚችል የፍትሕ ጥያቄ ነው።

የገዛ አገራችን ሕግ በዚህ ነጥብ ላይ ዝም አላለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1 ሰው መብት የሚኖረው ከልደቱ ጀምሮ መሆኑን ከተናገረ በኋላ፣ በአንቀጽ 2 የተጸነሰ ልጅ ለጥቅሙ ሲባል እንደ ተወለደ ይቈጠራል ይላል፤ በሕይወት ተወልዶ ለመኖር የሚችል እስከሆነ ድረስ። አባቱ የሞተበት ጽንስ ከወንድሞቹ ጋር ወራሽ የሚሆነው በዚህ መሠረት ነው። የሞት ፍርድም ቢሆን በእርጉዝ ሴት ላይ፣ እርግዝናዋ እስካለ ድረስ፣ አይፈጸምም። እናቲቱ ጥፋተኛ ብትባል እንኳ በማኅፀኗ ያለው አልተከሰሰምና። ለርስቱ እንደ ተወለደ የሚቈጠር፣ በአንገቷ ገመድ ለተፈረደባት እናት ጋሻ የሚሆን ጽንስ፣ ለራሱ ሕይወት ሲሆን ግን እንደሌለ ሊቈጠር ይገባዋልን? ይህን የምንጠይቀው ከዳዊትና ከወንጌል ሳይሆን ከሕጉ መጽሐፍ ተነሥተን ነው።

4. ስለ ነፍስ የሚነሣው ክርክር

«ነፍስ መቼ እንደምትገባ ሊቃውንቱ ራሳቸው አልተስማሙም» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው። ቅዱስ ቶማስ ራሱ የአርስጣጣሊስን ሥነ ፍጥረት ተከትሎ ለባዊት ነፍስ ዘግይታ እንደምትገባ ያስብ ነበር። ከእስልምና ሊቃውንትም ብዙዎቹ 120ኛውን ቀን ይጠቅሳሉ። የቅድስት መንበር የእምነት ትምህርት ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው መግለጫ ይህን የፍልስፍና ክርክር ለመቊረጥ አልሞከረም። ይሁንና ቤተ ክርስቲያን ክርክሩ ባለበት ዘመን ሁሉ ጽንስ ማስወረድን ከባድ ኀጢአት ከማለት ተቈጥባ አታውቅም። ምክንያቱን በአንድ ምሳሌ እናስረዳ።

በኮልፌ ገበያ ዕቃ ለማራገፍ ገና ጎሕ ሳይቀድ የሚመጣ የጭነት መኪና ሾፌር አለ እንበል። ወደ ኋላ ሊያሽከረክር ሲል በመንገዱ ላይ የተከመረ ጆንያ ያያል። ጆንያው ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ብርድ የጠናበት የጎዳና ልጅም ተጠቅልሎበት ሊሆን ይችላል። ይህ ሾፌር «ሰው መኖሩ አልተረጋገጠም» ብሎ ቢነዳበትና ባዶ ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ በልቡ ነፍስ ለማጥፋት መፍቀዱን ማንም አይክድም። ቀና ሰው ወርዶ ያያል። ጥርጣሬ ለመንዳት ፈቃድ አይሰጥም፤ ለመቆም ግዴታ ያመጣል እንጂ።

ዛሬ ደግሞ የሥነ ሕይወት ትምህርት የአባትና የእናት ዘር ከተዋሐደበት ጊዜ ጀምሮ የእናቲቱም የአባቱም ያልሆነ አዲስ ሕያው አካል መጀመሩን ያሳየናል። ሕይወት ያለው መሆኑ፣ የሰው ዘር መሆኑ አያጠራጥርም። የሚቀረው ክርክር ደካማና ያልታየ ሰው እንደ ብርቱና እንደሚታይ ሰው ይቈጠር ዘንድ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ነው። እምነታችን ለዚህ መልስ አለው። በሥርዓታችን መጋቢት 29 የጌታን ጽንሰት፣ ታኅሣሥ 29 ልደቱን እናከብራለን፤ አምላክ ሰው የሆነው በቤተ ልሔም ግርግም ሳይሆን በናዝሬት፣ በእናቱ ማኅፀን ነው። ገና ጥቂት ጊዜ የሆነውን ጽንስ ይዛ ወደ ተራራማው አገር የሄደችውን ድንግል፣ በኤልሳቤጥ ማኅፀን ያለው ሕፃን በደስታ ተቀበላት። ይህን ለማያምን ሰው በሕግ አንጭንበትም። ጆንያው ላይ እንዳይነዳ ግን ያመነውንም ያላመነውንም «በሕግ አምላክ» ልንለው ይገባናል።

5. የሚሞቱት እናቶች

በዚህ ላይ ከሐኪሞችና ከሴቶች መብት ተሟጋቾች የሚቀርብ ከባድ ጥያቄ አለ፤ ልናልፈውም አይገባም። ሕጉ ጥብቅ በነበረበት ዘመን ሴቶች ጽንስ ማስወረድን አልተዉም፤ በድብቅ፣ በቆሻሻ መሣሪያ፣ በማይታወቅ መድኃኒት ይፈጽሙት ነበር እንጂ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ በእናቶች ሞት ላይ የተደረገው ጥናት ከሞት ምክንያቶች ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ ያገኘው ከውርጃ በኋላ የሚመጣን መመረዝ ነበር። የ1996ቱን ሕግ ያሻሻሉት ሰዎች ብዙዎቹ ይህን ሞት በገዛ ዓይናቸው ያዩ ነበሩ። ልባቸው ጨካኝ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 ሕያው ልደቶች 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2016 ወደ 412 ወርዷል። ለዚህ ብዙ ምክንያቶች አሉ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የአዋላጆች መብዛት፣ በጤና ተቋም መውለድ መለመዱ ይገኙበታል። በውርጃ ምክንያት የሚመጣው ሞት መቀነሱንም ባለሙያዎች ይናገራሉ፤ ይህንም አንክድም። ከሞት የተረፈች እያንዳንዷ እናት የእግዚአብሔር ስጦታ ናት።

ይሁን እንጂ ሌላውንም ቍጥር እንመልከት። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 በአገራችን ሆነ ተብለው የተቋረጡ ጽንሶችን 382,500 ያህል፣ በ2014 ደግሞ 620,300 ያህል ገምተዋቸዋል። በጤና ተቋም የተፈጸሙት በመጀመሪያው ዓመት 27 በመቶ፣ በሁለተኛው 53 በመቶ ገደማ ነበሩ። ሕጉ ሥራ ላይ ከዋለ ከዘጠኝ ዓመት በኋላም ወደ ግማሽ የሚጠጉት በስውር ይፈጸሙ ነበር ማለት ነው። ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ጥብቁ ሕግ ብቻውን ጽንሱን አላዳነም፤ ሰፊው ሕግም ብቻውን ሴቲቱን ከስውር መንገድ አላወጣትም። በሁለቱም ዘመን አንድ ነገር አልተለወጠም፤ ያች ልጅ ብቻዋን ነበረች።

6. ከባድ ሁኔታዎች

የእናቲቱ ሕይወት በአደጋ ላይ ሲሆን ቤተ ክርስቲያን «እናቲቱ ትሙት» እንደምትል የሚያስወሩ አሉ። ይህ ሐሰት ነው። ር.ሊ.ጳ. ጲዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1951 እንዳብራሩት፣ ሕፃኑን ለመግደል ታስቦ የሚፈጸም ተግባርና የእናቲቱን ሕመም ለማከም ተፈጽሞ የሕፃኑን ሞት ሳይፈለግ የሚያስከትል ሕክምና የተለያዩ ናቸው። ማኅፀኗ በካንሰር የተያዘ እናት ልትታከም ትችላለች። ሐኪሙ ሁለቱን ለማዳን ይጥራል፤ ሁለቱን ማዳን ካልቻለ የሚቻለውን ያድናል፤ አንዱን ግን የሌላው መድኃኒት አድርጎ አይገድልም።

ከሁሉ የሚከብደው የተደፈረችው ናት። በእርሷ ፊት ቃል ሁሉ ይቀልላል። «የአባት ዕዳ ለልጅ» የሚል አባባል አለን፤ ነቢዩ ሕዝቅኤል ግን ልጅ የአባቱን በደል እንደማይሸከም አስተምሯል። በዚህ ወንጀል ውስጥ ሁለት ንጹሓን አሉ፤ እናቲቱና ጽንሱ። ጥፋተኛው አንድ ነው። አንዱን ንጹሕ ለሌላው ንጹሕ ማጽናኛ ብሎ ማጥፋት ፍትሕ አይሆንም፤ ጥፋተኛው ግን ብዙ ጊዜ ከሦስቱ በሰላም የሚያድረው ነው። ይህን ስንል ግን እናፍራለን። የተደፈረችን ሴት ዘጠኝ ወር ሙሉ መስቀል እንድትሸከም የሚመክር ሰው እንደ ቀሬናው ስምዖን ከመስቀሉ በታች ትከሻውን ካላስገባ፣ ምክሩ ጌታችን በፈሪሳውያን ላይ የነቀፈው ከባድ ሸክም ነው፤ በሌላው ትከሻ ላይ ያኖሩት ነበር፣ ራሳቸው ግን በጣታቸው አይነኩትም ነበርና።

7. ያልተከፈቱት የሕግ ገጾች

«የሕግ ጉዳይ ነው» ስንል ሁልጊዜ የወንጀል ሕጉን ብቻ የምንከፍተው ለምንድን ነው? ሌሎችም ገጾች አሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 143 አባትነት በፍርድ ቤት ሊታወቅ የሚችልባቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝር፣ መደፈርንና ጠለፋን ብቻ ሳይሆን በጋብቻ ተስፋ ማታለልንና በሥልጣን አላግባብ መጠቀምንም ይጨምራል። ያ ስልኩን የዘጋ ወጣት በሕግ ፊት አባት ተብሎ ቀለብ ሊቈርጥ ይችል ነበር። ለዚያች ልጅ ይህን የነገራት ማን ነው? አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚያስቀጣ ተጽፏል፤ ስንቷ ተበዳይ ክስ ለማቅረብ አጠገቧ የሚቆም ሰው አገኘች? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል፤ በእርግዝናዋ ምክንያት እንዳትባረርም ይጠብቃታል። በሰው ቤት የምትሠራው ግን በዚህ አዋጅ ውስጥ አልተካተተችም፤ የእርሷ ነገር በደንብ እንዲወሰን ተትቷል። ጽንሱን የሚጠብቅ ሕግ ይኑር የምንል ከሆነ፣ ጽንሱን የተሸከመችውን የቤት ሠራተኛ ከመንገድ ላይ የሚያነሣ ሕግም እንዲኖር በዚያው ድምፅ መጠየቅ አለብን። እስር ቤት የሚጠብቃት ያች ልጅ ከሆነች፣ ያታለላት፣ ያባረራትና በጭንቀቷ የነገደባት ከዳኛ ፊት ካልቆሙ ግን ሚዛኑ ተዛብቷል።

የሃይማኖት ወገንም ያልተከፈተ ገጽ አለው። ጽንስ ማስወረድ በምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖናም በላቲኑም ከባድ ቅጣት ያለበት ኀጢአት መሆኑን ምእመናን ያውቃሉ። በእኛ ሥርዓት ከዚህ ኀጢአት መፍታት ለጳጳሱ የተጠበቀ ነበር። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቼስኮስ ግን በኅዳር 2009 ዓ.ም. ባወጡት መልእክት ለካህናት ሁሉ ይህን ሥልጣን ሰጥተዋል። ከእርሳቸው በፊት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ«የሕይወት ወንጌል» ውስጥ ጽንስ ላስወረዱ ሴቶች በቀጥታ ጽፈው፣ ተስፋ እንዳይቈርጡ፣ የምሕረት አባት እንደሚጠብቃቸው፣ ሕፃናቸውንም ለእርሱ ምሕረት በአደራ እንዲሰጡ አጽናንተዋቸዋል። ይህን ጽሑፍ የምታነቢ፣ ይህንም ሸክም ለዓመታት ብቻሽን የተሸከምሽ እኅት ካለሽ፣ ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይዘሽ ሂጂ፤ በሩ ክፍት ነው፣ ሰኞን መጠበቅ አያስፈልግሽም።

8. መደምደሚያ

እንግዲህ ለቀረበው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ጽንስ ማስወረድ ተበዳይ ያለበት ነገር በመሆኑ የፍትሕ ጉዳይ ነው፤ የፍትሕ ጉዳይ በመሆኑም ሕግ «አያገባኝም» ሊል አይችልም። ሕሊናን የሚያቈስልና ምሕረትን የሚሻ በመሆኑም የሃይማኖት ጉዳይ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም «ሕግ ጨርሶታል» ልትል አትችልም። ነገር ግን ሕግ መከልከል እንጂ ማስጠጋት አይችልም። ስብከትም ኀጢአት መሆኑን መግለጽ እንጂ ብቻውን አልጋ መሆን አይችልም። «ማን ያስገባኛል?» ለሚለው ጥያቄ ሕጉም ስብከቱም የሚሰጡት መልስ የለም። መልስ የሚሰጠው በር ያለው ሰው ነው።

በዚያ ስብሰባ መጨረሻ አዛውንቱ አባት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ ልጃቸው አግብታ ስለ ወጣች አንድ ክፍል ባዶ እንዳላቸው ተናገሩ። ወጣቱም የቤተሰብ ሕጉን አንቀጽ አጥንቶ፣ እንዲህ ያለ ችግር የሚገጥማቸውን ልጆች ወደ ፍርድ ቤት ለመሸኘት ቃል ገባ። አትክልት የሚቸረችሩት እናት ግን ምንም ቃል አልገቡም፤ እርሳቸው ሦስቱን ሌሊት አስቀድመው ሰጥተዋልና። እኛም ወደየቤታችን ከመሄዳችን በፊት ጥበቃውን ጠርተን፣ ከእንግዲህ በማናቸውም ቀንና ሰዓት አንዲት ነፍሰ ጡር በሩን ብታንኳኳ ከእንቅልፋችን እንዲቀሰቅሰን ነገርነው። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ለዚያች ልጅም ዘግይቷል። የት እንዳለች ባናውቅም በየዕለቱ መሥዋዕተ ቅዳሴ እናስባታለን። እግዚአብሔር ስሟን ያውቃል፤ ከእርሷ ጋር የነበረውንም ስም ሳይወጣለት ያውቀዋል።

በማኅፀኗ የዓለምን መድኃኒት ይዛ በቤተ ልሔም ማደሪያ ያጣችው እናት፣ ማደሪያ ላጡ እናቶች ሁሉ ትለምንልን። አሜን።